ብረቱ ይሁን ማሽኑ ባታውቂም ጻፊው

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ውስጥ በኩላሊት እጥበት ክፍል ከምትሠራ ነርስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለፈው ሳምንት አንድ 50 ዓመት ገደማ የሆነው ታካሚ ዲያሊሲስ ላይ እያለ አይረን ሱክሮስ፣ ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት መርፌ፣ በደም ሥር ሰጠሁት። 5 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አሳከከኝ አለ፣ ፊቱ ቀላ፣ ወገቡን ያዘው፣ ግፊቱ ከ150 በ90 ወደ 80 በ50 ወረደ። ፈሳሽ ሰጠነው፣ ሃይድሮኮርቲሶን ወጋነው፣ ተሻለው። ቻርቱ ላይ ‹ግፊት ወርዶ ነበር፣ ታክሟል› ብዬ ጻፍኩ። የመድኃኒት ጉዳት የሚዘገብበትን ቢጫውን ፎርም ልሞላ ስል ሲኒየሬ ‹ተዪው፣ ማሽኑ ይሆናል፤ ደግሞ ለምን በራስሽ ላይ ጣጣ ታመጫለሽ› አለችኝ። መዘገብ ነበረብኝ? እርግጠኛ ሳልሆን ምን ብዬ እጽፋለሁ? ብጠየቅስ?»

እህቴ፣ ሌላውን ከማውራቴ በፊት መልሱን ልስጥሽ። አዎ፣ መዘገብ ነበረበት። አሁንም አልረፈደም። ሳምንት ቢያልፈውም ዛሬ ቁጭ ብለሽ ጻፊው። እርግጠኛ መሆን አይጠበቅብሽም። ስለጻፍሽም ጥፋተኛ አትባይም። ይህን የመጨረሻውን ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ሐረር ላይ ክሊኒካል ፋርማሲስት ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ባለሙያን ከመጻፍ ሲያስቀር ደጋግሜ ያየሁት ፍርሃትን ነው።

ከእርግጠኝነቱ እንጀምር። ፎርሙ የሚጠይቅሽ ስለተጠረጠረ ጉዳት ነው። አንድ ሪፖርት ሪፖርት ለመባል አራት ነገር ይበቃዋል። ታካሚውን የሚለይ ነገር፣ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው፣ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ የታየው ችግር። ለታካሚው የስሙ የመጀመሪያ ፊደላትና የካርድ ቁጥሩ በቂ ናቸው፣ ሙሉ ስም አያስፈልግም። መድኃኒቱ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚመዝኑ ሌሎች ሰዎች አሉ። ያንቺ አንድ ወረቀት ብቻዋን ምንም ላታረጋግጥ ትችላለች፤ ከጅማ ወይም ከጎንደር ከመጣች ሌላ ወረቀት አጠገብ ስትቀመጥ፣ በሁለቱም ላይ ያው የባች ቁጥር፣ ማለትም መድኃኒቱ የተመረተበት ዙር ቁጥር፣ ሲገኝ፣ ያኔ ነገሩ ይለወጣል። አንቺ ካልጻፍሽ ያኛዋም ብቻዋን ትቀራለች።

ሲኒየርሽ «ማሽኑ ይሆናል» ያለችው ከባዶ ተነስታ አይደለም፤ እውነቷን ነው፣ ዲያሊሲስ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ነው። ከታካሚው ሰውነት ውኃ ቶሎ ከተጎተተ ግፊት ይወርዳል። አዲስ ዲያላይዘር፣ ደሙን የሚያጣራው ዕቃ፣ ራሱ አለርጂ ያስነሳል፤ ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ማሽን ላይ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፣ ከከበደም መስመሩ ይቆለፋል፣ ደሙም ወደ ታካሚው አይመለስም። ደም ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን አለ። የውኃው ንጽሕና አለ፤ በአንድ ፈረቃ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ውኃውን ነው የምትጠረጥሪው። የኩላሊት መድከም ራሱ ያሳክካል። ስለዚህ የሚለየው ሰዓት ነው። ታካሚሽ ማሽን ላይ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነበር? ሁለት ሰዓት በሰላም ቆይቶ ብረቱ በገባ በ5 ደቂቃ ከሆነ ዲያላይዘሩ የመሆኑ ነገር በጣም ይቀንሳል። ፊቱ መቅላቱና ማሳከኩም ውኃ ስለተጎተተ ብቻ የሚመጣ አይደለም። እኔ ብሆን ብረቱን እጠረጥራለሁ። ናራንሆ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የ10 ጥያቄ መለኪያ በጻፍሽው ላይ ስሠራው ወደ 3 ነጥብ መጣልኝ። ከ1 እስከ 4 ያለው «ሊሆን ይችላል» የሚባለው ነው። «ሊሆን ይችላል» ደግሞ ይዘገባል።

ግን አስቢው፣ ቻርቱ ላይ የቀረው «ግፊት ወርዶ ነበር» ብቻ ነው። ዲያሊሲስ ክፍል ውስጥ ግፊት ያልወረደበት ቀን የለም። ከስድስት ወር በኋላ ያንን ቻርት የሚያነብ ሰው ብረት የሚባል ነገር ትዝ አይለውም፣ ታካሚው ሐረር ወይም ጅግጅጋ ሄዶ ቢታጠብ እዚያ ያለችው ነርስ ያንኑ ብረት በቅንነት ትወጋዋለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው።

«ታዲያ ተሻለው እኮ» ትይ ይሆናል። በኛ ሙያ «ከባድ ሕመም» እና «አሳሳቢ ጉዳት» ይለያያሉ። ራስ ምታት እጅግ ከባድ ሊሆን ይችላል፣ ግን አሳሳቢ ላይባል ይችላል። አሳሳቢ የሚባለው ለሞት የሚዳርግ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ ወይም የሚያዘገይ፣ አካል ጉዳት የሚያደርስ፣ ፅንስን የሚያበላሽ፣ ወይም ቶሎ ባይደረስለት ኖሮ ከነዚህ ወደ አንዱ ይሄድ የነበረ ነው። በመርፌ መድኃኒት ምክንያት በደቂቃዎች ውስጥ 80 በ50 የገባ ሰው እዚህ ውስጥ ነው። ስለተሻለው ከዝርዝሩ አይወጣም።

መሐል ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ከጥያቄሽ ውጪ ቢሆንም ሕይወት ስለሆነ። መርፌ ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳከከውና ግፊቱ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም ጭን ጡንቻ ላይ። ሃይድሮኮርቲሶን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። አገራችን ላይ እጃችን መጀመሪያ ወደ ሃይድሮኮርቲሶን ነው የሚሄደው፣ ይህን ልማድ መተው አለብን። አድሬናሊኑ ተቆልፎ ስቶር ውስጥ ከሆነ ነገ ጠዋት አስወጡትና ማሽኑ አጠገብ ይቀመጥ።

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ፣ ያንቺው ዓይነት ክፍል ውስጥ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ዲያሊሲስ ክፍል ውስጥ ልጆች ማሽን ላይ በወጡ በደቂቃዎች ውስጥ ፊታቸው ማበጥ፣ ልባቸው በፍጥነት መምታት፣ ግፊታቸው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ያው ነው፤ ማሽኑና ዕቃው። ሠራተኞቹ ግን «ማሽኑ ይሆናል» ብለው አልተኙም። ነገሩ በጥር 2008 እንደገና ሲመጣ ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቁ። ሌሎች ግዛቶች ሲጠየቁ እዚያም አለ። ሁሉንም የሚያገናኘው ሄፓሪኑ ሆኖ ተገኘ። ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት ነው የሚሠራው። ከቻይና የመጣው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ሄፓሪን የሚመስል ሌላ ነገር፣ ከልክ በላይ ሰልፌት የተጨመረበት ኮንድሮይቲን፣ ተቀላቅሎ ነበር፤ የዚያን ጊዜው የላቦራቶሪ ምርመራ አይለየውም ነበር። መድኃኒቱ ተሰበሰበ፣ የሄፓሪን ምርመራም በዓለም ደረጃ ተለወጠ። ላቦራቶሪው ያሳለፈውን የያዙት ማሽን አጠገብ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ሲጽፉ ሄፓሪን መሆኑን አያውቁም ነበር። ያወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይህ የተለመደው ዓይነት አይደለም የሚለውን።

ለኩላሊት ሰዎች ይህ ነገር ከሌላው በላይ የሚያስፈልገው ለምን መሰለሽ? መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት በጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ነው የሚሞከረው። 3,000 ሰው ላይ ተሞክሮ አንድም ችግር ባይታይ እንኳ ችግሩ ከ1,000 ሰው አንዱን ሊያገኝ እንደሚችል ሒሳቡ ይናገራል። ከዚያ ላይ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ከአብዛኛው ሙከራ ውጪ ይደረጋሉ። ስለዚህ ብዙው መድኃኒት በኩላሊት ታካሚ ላይ ምን እንደሚያደርግ በደንብ የሚታየው ያንቺ ክፍል ውስጥ ነው። ለዲያሊሲስ ሰዎች ተብሎ የተሠራው እንኳ አያመልጥም። ፔጊነሳታይድ የሚባል የደም ማነስ መርፌ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 አሜሪካ ፈቀደችው፣ በየካቲት 2013 ከገበያ ወጣ። ከ25,000 በላይ ታካሚዎች ወስደውት ነበር። ከ10,000ው ሁለት የሚሆኑት በመጀመሪያው መርፌ በደረሰባቸው አለርጂ ሞተዋል። ሙከራው ላይ አልታየም፣ ሪፖርት ላይ ነው የታየው።

የዲያሊሲስ ታካሚ ስንት ክኒን እንደሚውጥ አንቺም ታውቂያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መካከለኛው ቁጥር በቀን 19 ክኒን ነበር። የኛ ሰው በኪሱ ምክንያት ከዚያ ያነሰ ይውጥ ይሆናል፣ ግን የግፊቱ፣ የስኳሩ፣ የፎስፌቱ፣ የጨጓራው እያለ የሚቆለለው ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ብዙ፣ መውጫው ጠባብ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። «በራስሽ ላይ ጣጣ ታመጫለሽ» የሚለው አባባል በየሆስፒታሉ አለ፣ እኔም ወጣት ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼም ዝም ብያለሁ። ያኔ የምሠራበትን ቦታ አልጠራም። ከባቢሌ በኩል የመጡ አንድ አባት ነበሩ፣ ዲያሊሲስ ላይ ያሉ፣ ለኢንፌክሽን ሴፍትሪአክሶን 2 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዞላቸው ነበር። በአራተኛው ቀን መቀባጠር ጀመሩ። እጃቸው ይነዝራል፣ ልጃቸውን አላወቁትም። ሁላችንም «ዩሪያው ነው»፣ ኩላሊቱ ያላጣራው ቆሻሻ ነው፣ አልን። ዲያሊሲስ ተደረገላቸው፣ መቀባጠሩ አልቆመም። መድኃኒቱ ሌላ ምክንያት ተገኝቶ ሲቆም፣ ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀና ብለው ሻይ ጠየቁ። ሴፍትሪአክሶን ኩላሊቱ በሞተ ሰው ላይ አእምሮን ሊያውክ እንደሚችል ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ግማሹ በሐሞት በኩል ስለሚወጣ መጠኑን መቀነስ አያስፈልግም እየተባለ ተምረን፣ በዚያን ያህል መጠን ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ልብ አላልንም። ለመጻፍ ሳስብ አንድ የምቀርበው ሰው «መጠኑን ማን አየው? ፋርማሲው አይደል እንዴ? ራስህን ልትከስ ነው?» አለኝ። ተውኩት። እስከዛሬ የሚከነክነኝ መሳሳታችን አይደለም፣ መሳሳትማ አለ። የሚከነክነኝ ሌላ ከተማ ያለ ፋርማሲስት ያንኑ ነገር ከዜሮ ጀምሮ እንዲማረው ማድረጌ ነው፤ በሌላ ሰው አባት ላይ።

እና በግልጽ ልንገርሽ። ሪፖርቱ የክስ ወረቀት አይደለም። የጻፍሽው በምስጢር ይያዛል፤ ሪፖርት ማድረግ አንቺ፣ ሆስፒታሉ ወይም አምራቹ ጥፋት እንደፈጸማችሁ ማመን ተደርጎ አይወሰድም። የሚጠየቀው «ምን ታየ» የሚለው ነው፣ «ማን አጠፋ» አይደለም። መድኃኒቱ ቶሎ ተገፍቶ ከሆነም፣ መጠኑ ተሳስቶ ከሆነም፣ እሱም ይዘገባል፤ የአሰጣጥ ስህተት ራሱን የቻለ የሚዘገብ ነገር ነው። አይረን ሱክሮስ 100 ሚሊግራም ሳይበረዝ ሲሰጥ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። ስድስት ማሽን ለሁለት ነርስ በሆነበት ክፍል ውስጥ 30 ሴኮንድ ላይ መግፋት እንደሚያጋጥም አውቃለሁ። እንዲህ ከሆነ እውነቱን ጻፊው፣ ምክንያቱም የሠራተኛው ማነስ የሚታየውም እንዲህ ሲጻፍ ነው።

የማይጽፈው ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከ12 አገሮች 37 ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ ነበር። በመካከለኛ ቁጥር ከ100 ጉዳት 94ቱ ሳይዘገብ እንደሚቀር አገኘ። እነሱም አገር ባለሙያው ሥራ ይበዛበታል፣ «ይህማ የታወቀ ነው» ይላል፣ ይፈራል፣ «የኔ አንድ ወረቀት ምን ትለውጣለች» ይላል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ክትትል ፕሮግራም ሙሉ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ በ1968 የተጀመረው ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ያለ እጅና ያለ እግር እንዲወለዱ ካደረገ በኋላ ነው። ያንቺ ቢጫ ወረቀት ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተነስታ ስዊድን ኡፕሳላ ላይ ወዳለው የዓለም መዝገብ ትገባለች።

አሁን ስለኛ አካባቢ። መጽሐፍ ላይ የማታገኛቸው ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ የህመም ማስታገሻ። በ2019 እ.ኤ.አ. ድሬ ላይ ችኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ሲገባ ከተማው በሙሉ መገጣጠሚያውን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁርጥማቱ ያልለቀቀው ሰው ዲክሎፌናክን እንደ ቁርስ ይዞታል። ኩላሊቱ ገና ሙሉ በሙሉ ያልደከመ ታካሚ፣ በተለይ ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲወስደው፣ የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬያቲኒኑ፣ በሳምንት ውስጥ ሲዘል «በሽታው ገፋበት» ብለን እንጽፋለን። ይህ የመድኃኒት ጉዳት ነው፣ ይዘገባል። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለሽ ብትጠይቂው «አልወስድም» ይልሻል። «ለወገብህስ? ለጉልበትህስ?» በይው። ከቀፊራ ገበያ ይሁን ከአሸዋ የገዛው፣ በጅቡቲ በኩል የመጣና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት ፓኬት ካለው አምጣ በይው፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ሁለተኛ ጫት። አትቆጪ፣ ጠይቂ ብቻ። አንዱ ከሰዓት በርጫ ላይ ከሆነ ግፊቱ በመድኃኒቱ አልወርድ ያለው ለምን እንደሆነ ትረጃለሽ። አምፒሲሊንን ደግሞ ጫቱ ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚቀንሰው በጥናት ታይቷል። ፎርሙ ላይ አብረው የተወሰዱ መድኃኒቶች የሚለው ቦታ ላይ ጫቱንም፣ የባህል መድኃኒቱንም ጻፊ። በአማርኛ ያልገባውን በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአደሬኛ የሚጠይቅልሽ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይጠፋም። ታካሚ ሕመሙን በአፍ መፍቻው ሲናገር ነው ሰዓቱን በትክክል የሚያስታውሰው።

ሦስተኛውና የኔ ዋና ጭንቀት ሙቀቱ ነው። ሰውነት ቀይ ደም እንዲሠራ የሚሰጠው መርፌ፣ ኤሪትሮፖይቲን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፣ አይናጥም። አሁን ታካሚው ከፋርማሲ ገዝቶ፣ በፌስታል ይዞ፣ በሰኔ ሙቀት ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ አንቺ ይመጣል። ሌላው ጠንቃቃ ነኝ ብሎ መርፌውን በረዶው ላይ በቀጥታ አስቀምጦ ያመጣዋል፤ ያም ያበላሸዋል። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ተወግቶ ሄሞግሎቢኑ ከ7 አልነሳም ሲል መጠኑን እንጨምራለን፣ ሰውየው ደግሞ ተበድሮ ይገዛል። መድኃኒት አለመሥራቱ ራሱ የሚዘገብ ነገር መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? የጥራት ጉድለትም እንደዚያው፤ ቀለሙ የተለወጠ፣ የተዘቃቀጠ፣ ማኅተሙ የተነካ ብልቃጥ። አስቀምጪው፣ አትጣዪው።

ኤሪትሮፖይቲን ሥራ ሲያቆም ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። በእርግጥ በመጀመሪያ የብረት እጥረት፣ ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ ነው የሚታየው። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ፓሪስ ያሉ ሐኪሞች 13 ታካሚዎችን አቀረቡ፤ መርፌው ሲሠራላቸው ቆይቶ በድንገት ቀይ ደም መሥራታቸው ጨርሶ የቆመ። ሰውነታቸው መርፌውን እንደ ጠላት አይቶ ፀረ እንግዳ አካል አምርቶበት፣ ያ ደግሞ የራሳቸውን ኤሪትሮፖይቲን ጭምር አጠፋው። ሪፖርቶቹ ሲሰበሰቡ አብዛኞቹ አንድ ምርትን ከቆዳ ሥር የወሰዱ ሆኑ፤ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ማረጋጊያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በ1998 ተለውጦ ነበር። ለኩላሊት ታካሚ በደም ሥር ብቻ ይሰጥ ተባለ፣ የማከማቻ ጥንቃቄው ጠበቀ፣ ቁጥሩ ወረደ። ይህ እንዲገኝ ያደረገው የንግድ ስምና ባች የተጻፈባቸው ሪፖርቶች መኖራቸው ነው። «ኤሪትሮፖይቲን» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ማንም ከማንም አይለየውም ነበር። ዛሬ እኛ ጋ ከተለያየ አገር የመጣ የተለያየ ኤሪትሮፖይቲን ነው ያለው፣ ስለዚህ ስሙንም ባቹንም አምራቹንም።

ሌሎች ዓይንሽን የምትጥይባቸው፣ በችኮላ ልበላቸው። ጄንታማይሲን የሚወስድ ታካሚ «ጆሮዬ ይጮኻል» ወይም «ስነሳ ያዞረኛል» ካለሽ አትለፊው፣ የጠፋ መስማት አይመለስም። ቫንኮማይሲን 1 ግራም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ከገባ ፊትና አንገት ያቀላል። ለማስታወክ የሚሰጠው ፕላሲል አንገት ያጣምማል፣ ኩላሊት ሲደክም በግማሽ መጠን ነው። አሲክሎቪርና ባክሎፌን አእምሮ ያውካሉ። ትራማዶል ያንቀጠቅጣል። ኢናላፕሪል ከስፒሮኖላክቶን ጋር ፖታሲየም ያነሳል። «እነዚህማ መጽሐፍ ላይ አሉ፣ ለምን ይዘገባሉ» ለሚል፣ መጽሐፉ እኛ ጋ፣ በኛ ሰው ላይ፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ በሚታጠብ ሰው ላይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሆን አይነግርሽም። በብዛት የምንከተለው መጠን በሳምንት ሦስቴ ለሚታጠብ ሰው የተሰላ ነው። ይህ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።

እንዴት እንደሚላክ። ቢጫው ፎርም ፋርማሲ ወይም የመድኃኒት መረጃ ክፍል ውስጥ አለ፤ ታጥፎ እንደ ፖስታ ይላካል፣ ቴምብር አይፈልግም። የባለሥልጣኑ ነፃ ስልክ 8482 ነው። በኢንተርኔትም ይላካል። ነርስም፣ ሐኪምም፣ ፋርማሲስትም፣ ጤና መኮንንም ይጽፋል፤ የማንንም ፊርማ መጠበቅ የለብሽም። ሰው የሞተበት ወይም ለሞት የቀረበበት ከሆነ ግን ወረቀት አትጠብቂ፣ ያኑ ሰዓት ደውዪ። ብዙ ጊዜ «ልከን መልስ አልመጣልንም» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ፣ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ መልስ ሲጠፋ ሰው ይሰላቻል። ለዚህ እኛ ጋ የጠቀመን አንድ ተራ ደብተር ነው። ማሽኖቹ አጠገብ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ካርድ ቁጥር፣ መድኃኒት፣ ባች፣ የታየው። በወር አንዴ ከፋርማሲው ጋር ሆነን እናነበዋለን። የኡፕሳላን መልስ ሳንጠብቅ እኛው ራሳችን «ይህ ባች ሦስተኛው ነው እኮ» የምንልበት ቀን አለ።

አሁን ያንቺን ፎርም አብረን እንሙላው። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ክብደት። የተጠረጠረው መድኃኒት አይረን ሱክሮስ፣ የንግድ ስሙ፣ አምራቹ፣ ባቹ። ብልቃጡን ከጣልሽው ያን ቀን ከስቶር የወጣበት ሞዴል ላይ ባቹ ይኖራል፤ ከሌለም «አልተገኘም» ብለሽ ጻፊ እንጂ በዚህ ምክንያት አታቋርጪው። መጠን፣ በስንት ደቂቃ እንደተገፋ። ትረካው ላይ እንዲህ በይ፦ «የዲያሊሲስ ታካሚ፣ በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ የሚታጠብ፣ ማሽን ላይ በወጣ በይህን ያህል ሰዓት አይረን ሱክሮስ ተሰጠው። በ5 ደቂቃ ማሳከክ፣ የፊት መቅላት፣ የወገብ ሕመም፣ ግፊት ከ150 በ90 ወደ 80 በ50። ፈሳሽና ሃይድሮኮርቲሶን ተሰጥቶ በዚህን ያህል ደቂቃ ተመለሰ። ዲያላይዘሩ ይህ ዓይነት ነው፣ አዲስ ወይም ከዚህ በፊት የተጠቀመበት፤ ሄፓሪን ይህን ያህል፤ የተጎተተው ውኃ ይህን ያህል፤ በዚያው ፈረቃ ሌላ የታመመ ሰው አልነበረም። ከዚህ በፊት ብረት ወስዶ ያውቃል ወይም አያውቅም።» ሲኒየርሽ የጠረጠረችው ማሽንም በዚህ ውስጥ ገባልሽ። እሷንም አሳያት፣ ከጎንሽ ብትፈርም ደስ ይለኛል።

የቻርቱን ነገር አትርሺ። ያችን «ግፊት ወርዶ ነበር» የምትለውን አትሰርዢ፣ ከሥሯ የዛሬን ቀን ጽፈሽ ሙሉውን አክዪ። ከዚያ የቻርቱ ሽፋን ላይ፣ ማንም ሳይገልጠው በሚያይበት ቦታ፣ በቀይ እስክሪብቶ የመድኃኒቱን ስምና የሆነውን ጻፊ። ለታካሚውም በሚገባው ቋንቋ ስሙን ንገሪው፣ በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ከመታወቂያው ጋር እንዲይዘው አድርጊ። በሚቀጥለው ሲመጣ ብረት አሁንም ያስፈልገው እንደሆነ፣ ካስፈለገም በምን መልክ እንደሚሆን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት፤ «እስቲ ነው ወይስ አይደለም እንየው» ብላችሁ ግን ያንኑ መድኃኒት መልሳችሁ እንዳትሞክሩት። ባቹን ካገኘሽው እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፣ እኔም ሐረር ካለው ጋር አስተያየዋለሁ።